ፊልትሮ ቆርጦ የሚያሳየው የአዳማው ዘይት ቀያሪ

መጀመሪያ የቤቱን ስም እንዳትጠይቁኝ፣ ስም የለውም። ታፔላ የለም፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው፣ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በሩ ላይ በነጭ ቀለም "ዘይት እንቀይራለን" ተብሎ ተፅፏል እሱም "ቀ"ዋን ፀሐይ በልቷታል። እስካሁን 3 ጊዜ ሄጃለሁ (አንዱ ለባለቤቴ ወንድም መኪና ነው) እና ሰው ሁሉ "አዳማ ላይ ደህና ዘይት የሚቀይር የት ነው" እያለ ስለሚጠይቀኝ ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ልፃፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ለምን እኔን እንደሚጠይቁኝ ልንገራችሁ። አዳማ ከመግባቴ በፊት አዲስ አበባ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሜካኒክ ነበርኩ፣ 11 አመት። ጄት አይደለም፣ ፒስተን ሞተር ያላቸውን፣ ሴስና 172 አይነት 4 ሰው የምትይዘውን ነው። ሰው አውሮፕላን ሲባል ቦይንግ ነው የሚመጣበት፣ የሴስናዋ ላይካሚንግ ሞተር ግን ኮፋኖው ሲነሳ የቮልስ ታላቅ ወንድም ነው የሚመስለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 4 ሲሊንደር ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙ፣ ልዩነቱ ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላ መኖሩና ቢጠፋ ጥግ ይዘህ የምትቆምበት ቦታ አለመኖሩ ነው። እዛ ቤት ደግሞ ከምትጨምረው ዘይት ይልቅ የወጣው ላይ ነው ስታፈጥ የምትውለው። ይሄ ልማድ አልለቀቀኝም፣ ሚስቴ "ዘይት እያየ ሚተኛ ሰው" ትለኛለች።

እዚህ ቤት የመጣሁት ግን ተዋርጄ ነው። ስሙን የማልጠራው ሌላ ጋራዥ ዘይት አስቀየርኩ፣ ቡና ልጠጣ ሄድኩ፣ ስመለስ አልቋል፣ ከፈልኩ። በማግስቱ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበር መተሃራ፣ ከነቤተሰብ ተጭነን ወጣን፣ ወለንጪቲን አለፍ እንዳልን የሆነ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ሚስቴ "የፊተኛው መኪና ነው" አለች፣ ከዛ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ አለች። ወዲያው አጠፋሁ። ኮፋኖ ስከፍት ሞተሩ ግማሽ ጎኑ በዘይት ታጥቧል። ምን መሰላችሁ፣ የድሮው ፊልትሮ ጎማ ሲፈታ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ቀርቶ ነበር፣ የጋራዡ ልጅ ሳያይ አዲሱን ፊልትሮ ከነጎማው በላዩ ላይ አስሮታል፣ ሁለት ጎማ ተደራርቦ ማለት ነው፣ ግፊት ሲመጣ ያንሸራትተዋል። ክንዴን እያቃጠለኝ ፈታሁት፣ የድሮውን ጎማ በጥፍሬ ላጥኩት፣ መለስኩት፣ እግዜር ይስጠው አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ቆሞ ከራሱ ዘይት 2 ሊትር ሰጠኝ፣ ሰርጉ ላይ በጥቁር እጅ ነው የጨበጥኳቸው።

ያናደደኝ ልጁ አይደለም፣ ራሴ ነኝ። አውሮፕላን ላይ ፊልትሮ ስትቀይር የመጀመሪያው ነገር የድሮው ጎማ ከፊልትሮው ጋር መውጣቱን ማየት ነው፣ ከዛ መቀመጫውን ትጠርጋለህ፣ አዲሱን ጎማ ቀባ ታደርገዋለህ፣ በቶርክ ቁልፍ (ምን ያህል እንደጠበቀ በሚለካው) በልኩ ታጠብቃለህ፣ በመጨረሻ በቀጭን ሽቦ ታስረዋለህ፣ ሽቦው የሚጎትተው ወደ ማጥበቂያው በኩል ነው፣ ፊልትሮው ልላላ ቢል ራሱ ሽቦው አላስኬድ ይለዋል። ከዛ ሞተር ተነስቶ፣ ሞቆ፣ ጠፍቶ፣ በባትሪ መብራት ስሩ ይታያል ጠብ የሚል ካለ። ከዛ ነው ሎግ ቡክ ላይ፣ የአውሮፕላኗ የጥገና መዝገብ ማለት ነው፣ የሚፈረመው። ይሄን ሁሉ 11 አመት የሰራ ሰውዬ ቡና ሊጠጣ ይሄዳል!

እና ቤቱን ያሳየኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። "ለዘይት ከሆነ ፊልትሮ ሚቆርጠው ጋ ሂድ" አለኝ። ፊልትሮ ሚቆርጠው? አዳማ ላይ? የወጣውን ፊልትሮ ቆርጦ ውስጡ ብረት አለ ወይ ብሎ ማየት የአውሮፕላን ቤት ልማድ ነው፣ አላመንኩም።

ሄድኩ። ልጁ ሰላሳ ምናምን ይሆነዋል፣ አንድ ረዳት አለው። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ምን ዘይት ላድርግ" አይደለም፣ "ጋሼ ባለፈው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው የተቀየረው፣ በመሀል ጨምረዋል ወይ" ነው ያለኝ። እዚች ጋ ቀልቤን ገዛው። ዘይቱን በትኩሱ ነው ያወረደው፣ ከመንገድ እንደገባሁ፣ ሲሞቅ ነው ቆሻሻውን ይዞ የሚወጣው። ጠብታው እስኪያልቅ ሳይቸኩል ጠበቀ። ፊልትሮውን ፈታ፣ ጎማውን በጣቱ ነካ አርጎ ለረዳቱ አሳየው፣ እኔ ምንም ሳልናገር። ከዛ እስኪንጠፈጠፍ ገለበጠው፣ ሞርሳ ላይ አስሮ በሴጌቶ መገዝገዝ ጀመረ። ቆርቆሮው ሲከፈት ውስጡ ያለችውን እንደ አኮርዲዮን የታጠፈች ወረቀት ቆርጦ አወጣት፣ ቤንዚን ባለበት ጣሳ ነከር ነከር አርጎ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋት፣ ወደ ፀሐይ ዞር አለ። ወረቀቷ ላይ ብልጭልጭ የሚል ነገር አለ። "ጋሼ ብረት አለው" አለኝ፣ ፊቱ ልክ መርዶ ሊነግር እንደመጣ ሰው።

ሳቅ ለቀቀብኝ። "ይሄ ኮ የመጋዝህ ነው" አልኩት። ሴጌቶ ቆርቆሮ ሲቆርጥ ብናኝ ይረጫል፣ እሱ ብናኝ ወረቀቷ ላይ ያርፋል፣ ከሞተሩ ብረት ጋር ከተቀላቀለ ምኑን ከምን ትለየዋለህ። እኛ ጋ ለዚሁ ተብሎ የተሰራ መቁረጫ አለ፣ ዙሪያውን እየተንከባለለ ነው የሚቆርጠው፣ ልክ የቲማቲም ድልህ ጣሳ መክፈቻ በለው፣ ብናኝ የለውም። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና "እንደ ቧንቧ መቁረጫ?" አለኝ። አዎ አልኩት። በ3 ወሬ ስመለስ ትልቁን የቧንቧ ሰራተኞች መቁረጫ ገዝቶ ጠበቀኝ፣ "ጋሼ አሁን ንፁህ ነው ይዩት" እያለ። እንዲህ አይነት ሰው የት ታገኛላችሁ።

ብረቱን ስለማየት ትንሽ ልበላችሁ ምክንያቱም የቤቱ ዋና ነገር እሱ ነው። ልጁ ከተሰበረ ስፒከር የወጣች ማግኔት አለችው፣ ወረቀቷ ላይ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስኬዳታል። ማግኔት የሚይዘው ብረት ከካምሻፍት (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ)፣ ከፒስተን ቀለበት፣ ከመሳሰሉት ነው ሚመጣው። ማግኔት የማይዘው የሚያብለጨልጭ ደግሞ አልሙኒየም ይሆናል ከፒስተን፣ ወይ እንደ ነሐስ ቀላ ያለ ከሆነ ከቡሽ (ዘንግ ከሚሽከረከርበት የነሐስ ቀለበት)። አውሮፕላን ላይም ይሄው ነው የሚደረገው፣ ጥቂት ብናኝ ካገኘህ አትደነግጥም፣ ግን ቀጣዩን ፊልትሮ 50 የሞተር ሰዓት አትጠብቅም 25 ላይ ትቆርጣለህ፣ እየጨመረ ነው ወይ የሚለውን ታያለህ። ብዙ ከሆነ አውሮፕላኗ ከመሬት አትነሳም፣ አለቀ። ከዛ በተጨማሪ የዘይት ናሙና በትንሽ ጠርሙስ ላብራቶሪ ይላካል፣ ብረት፣ መዳብ፣ አልሙኒየም፣ ክሮም፣ ሲሊከን ከሚሊዮን ስንት እጅ እንዳለ ቆጥረው ይልኩልሃል። አንዱ ቁጥር ለብቻው ብዙም አይነግርህም፣ ካለፈው ጋር ስታስተያየው ነው ነገር የሚገባህ።

ሲሊከን ማለት በአብዛኛው አቧራ ነው። እና አቧራ ሲባል አዳማ። ያ የእኛ ንፋስ ሲነሳ በር ዘግተህ ምጣድ ላይ አሸዋ ታገኛለህ፣ ዝም ብለው አይደለም እኮ የንፋስ ተርባይኖቹን እዚህ የደረደሩት። ልጁ ላብራቶሪ የለውም ግን ዘይት ከመጨመሩ በፊት የአየር ማጣሪያውን ያወጣና ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በሶፍት ይጠርጋል። የኔ ሶፍት ቡኒ ሆኖ ወጣ። ማጣሪያው አዲስ ነበር እኮ! አንዱ ጥግ በደንብ አልተቀመጠም፣ በዛች ክፍተት ነው አቧራው ተዘዋውሮ ሲገባ የከረመው። አየር ማጣሪያውን የገጠመው ማን መሰላችሁ። እኔ ነኝ። እሺ ይሁን።

ስለ ዘይት አይነት፣ ሰው ሁሉ የሚጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው፣ ካስትሮል ነው ሼል ነው ቶታል ነው ኖክ ነው እያለ። ልጁ ለዚህ ጊዜ የለውም፣ የመኪናዋ መመሪያ የሚለውን የዘይት ውፍረት ቁጥር ነው የሚያየው፣ መመሪያ ከሌለህ በስልኩ ይፈልጋል። እኔ ፊት አንድ ደንበኛ "የአውሮፕላን ዘይት ማግኘት ይቻላል ወይ፣ እሱ ነው አሉ ጠንካራው" አለው፣ ልጁ ወደኔ ዞረ። ይሄን ጥያቄ ስንት አመት ሰማሁት መሰላችሁ፣ አዲስ አበባ እያለሁ ዘመድ ሁሉ "አንድ ጣሳ አምጣልን" ይለኝ ነበር። ወገኖቼ አይሆንም። የፒስተን አውሮፕላን ዘይት አመድ የማይተው ተብሎ የሚሰራ ነው፣ የመኪና ዘይት ውስጥ ያሉት ብረት ያዘሉ ማፅጃዎችና መበላት የሚከላከለው ዚንክ የሉበትም፣ ምክንያቱም የአውሮፕላን ሞተር ዘይት ይበላል፣ የተቃጠለው ዘይት አመድ ከተወ ሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ፍም ይግልና ቤንዚኑን ካለጊዜው ያቀጣጥለዋል። መኪናህ ደግሞ እነዛን ማፅጃዎች ትፈልጋቸዋለች። ስለዚህ የሱ ለሱ የኛ ለኛ። እዛም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፣ ኤሮሼል 100 እና ኤሮሼል ደብልዩ 100 አንድ ፊደል ነው ልዩነታቸው፣ ሁለቱም በመኪና ቋንቋ 50 ቁጥር ናቸው፣ ግን ደብልዩ የሌለው ተራ ማዕድን ዘይት ነው፣ አዲስ ወይ ታድሶ የተገጠመ ሞተር ለመጀመሪያው 50 ሰዓት ገደማ፣ የዘይት አበላሉ እስኪረጋ፣ ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ጋር እንዲላመዱ እሱን ነው ሚጠጣው። ከዛ በኋላ ደብልዩው፣ ቆሻሻውን አንሳፎ ይዞ የሚቆየው። ዘይትህ ቶሎ ጠቆረ ብለህ የምትሳደበው እኮ ስራውን ስለሰራ ነው።

አሁን የወደድኩለት ሌላ ነገር። የኔ መኪና ሶስት ሊትር ተኩል ገደማ ነው ምትወስደው፣ ጣሳው 4 ሊትር ነው። ብዙ ቦታ ምን ያደርጋሉ፣ ወይ ሙሉውን ይገለብጡታል "ለሞተር ነው አይጎዳም" ብለው፣ ወይ የተረፈው እንደ ጉርሻ እዛው ይቀራል። ልጁ ትንሽ አጉድሎ ይሞላል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ 5 ደቂቃ ይጠብቃል፣ መለኪያዋን አውጥቶ ጠርጎ መልሶ ያያል፣ ከዛ በትንሽ በትንሹ ያሟላል፣ የተረፈውን ከነጣሳው ክዳኑን አጥብቆ እጅህ ላይ ይሰጥሃል። ሲበዛ አይጎዳም የሚሉትን አትስሟቸው። ሴስናዋም ላይ እንዲሁ ነው፣ ያቺ ሞተር 8 ኳርት ትይዛለች፣ ሰባት ሊትር ተኩል ገደማ ማለት ነው፣ አዲስ የአውሮፕላን ባለቤት እስከ 8 ሞልቶ ይነሳል፣ ሲያርፍ የላይኛው በመተንፈሻው ወጥቶ የአውሮፕላኗን ሆድ ቀብቷታል፣ ከዛ "ዘይት ትበላለች" ብሎ ይከሳታል። 6 ወይ 7 ላይ ተዋት ስትለው ሆዷ ደርቆ ይውላል። በነገራችን ላይ ትንሽ መብላት ኖርማል ነው እዛ፣ ባለ 160 የፈረስ ጉልበቱ በሰዓት ግማሽ ኳርት ገደማ እስኪበላ ድረስ አምራቹ በልኩ ነው ይላል። ዋናው መፃፉ ነው፣ መቼ ስንት እንደጨመርክ። እኔም የመኪናዋ ዳሽቦርድ ውስጥ ደብተር አለኝ፣ ልጁ ሲያያት ፎቶ አነሳት።

የመቀየሪያ ጊዜ ላይ ግን አልተስማማንም። እሱ እንደሁሉም ሰው "5,000 ኪሎ ሜትር" ብሎ ስቲከር ይለጥፋል። ለቤት መኪና ደህና ሊሆን ይችላል ግን አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት ፍራንኮ እየተመላለሰ ግማሹን ቀን ቆሞ ሞተር ሲያሽከረክር ለሚውል ባጃጅ ኪሎ ሜትር ምን ይነግርሃል? አውሮፕላን የሚቆጠረው በሞተር ሰዓት ነው፣ ፊልትሮ ላለው 50 ሰዓት፣ ወንፊት ብቻ ላለው 25፣ እና ይሄን ልብ በሉ፣ ወይ 4 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው። ባትበር እንኳን በ4 ወሯ ይቀየራል፣ ምክንያቱም ውሃና አሲድ ቆሞ ስራውን ይሰራል። ልጁ ሰዓቱን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ ግን ስቲከሩን አልቀየረም፣ "ጋሼ ደንበኛው ሰዓት ቢባል አይገባውም" አለኝ። እውነቱን ነው መሰለኝ።

የቆመ መኪና ካነሳን አይቀር፣ ጎረቤቴ ልጁ ውጭ ሀገር ሆኖ የተዋት መኪና አለች፣ በየእሁዱ 10 ደቂቃ ያስነሳታል "እንዳትደርቅ" ብሎ። ይሄው ስህተት የግል አውሮፕላን ያላቸውም ጋ አለ። 10 ደቂቃ ቆማ ስትንጓጓ ዘይቱ አይሞቅም፣ ሞተሩ ሲቃጠል የሚፈጥረው ውሃ ግን ይገባበታል፣ እንዲተን ዘይቱ ቢያንስ 82 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ መቆየት አለበት፣ ለዛ ደግሞ መብረር ነው። ላይካሚንግ ላይ ይባስ ካምሻፍቱ ያለው ከላይ ነው፣ ሲቆም ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ይወርድና ካሙ ራቁቱን ይቀራል፣ ዝገት ይጀምረዋል፣ ያ ዝገት ነው በኋላ ፊልትሮ ውስጥ ብረት ሆኖ የሚመጣው። ጎረቤቴን "ወይ ተዋት ወይ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ድረስ ወስደህ መልሳት" አልኩት፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳያቋርጥ ሲሄድ ዘይቱ ደህና አርጎ ይሞቃል። የመንገዱን ክፍያ ማን ይከፍላል አለኝ። እሱን ለልጅህ ንገረው አልኩት።

ጉድለቱን ልንገራችሁ አሁን፣ ወዳጅ ነው ብዬ አልደብቅም። አንደኛ ቶርክ ቁልፍ የለውም፣ የታችኛውን መዝጊያ ቡሎን የሚያጠብቀው በክንዱ ስሜት ነው፣ እስካሁን ምንም አልሆነም ግን አልሙኒየም ላይ ጥርስ የሚበላው እንዲሁ ነው፣ ነግሬዋለሁ፣ "ውድ ነው ጋሼ" ብሎኛል፣ ይገዛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁለተኛ መኪናውን የሚያነሳው በክሪክ ነው፣ ጉድጓድ የለውም፣ ክሪኩ ስር ድጋፍ ሳያደርግ ረዳቱ ሲገባ አይቼ ጮኬበታለሁ፣ ከዛ ወዲህ እኔ ስኖር እንጨት ያስገባሉ፣ እኔ በሌለሁበት እንጃ። ሶስተኛ ደረሰኝ የለም። አራተኛ ወረፋው፣ አንድ መኪና ላይ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ ከፊትህ 2 መኪና ካለ ግማሽ ቀንህ ሄደ፣ የሚቀመጥበት ደግሞ የተገለበጠ ሳጥን ነው፣ ጥላው ከ6 ሰዓት በኋላ ያልቃል። የወጣውን ዘይት መሬት ላይ አይደፋም ግን፣ በርሜል አለው፣ ለምስጥ እንጨት የሚቀቡ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል።

ዋጋው እኔ ስሄድ የእጅ 400 ብር ነበር ዘይትና ፊልትሮ ሳይጨምር፣ ከሌላው ቤት ትንሽ ይበልጣል፣ ስለሚቆርጠው ነው፣ አትከራከሩት። ዘይቱን ራሳችሁ ይዛችሁ ብትሄዱም ይቀበላል፣ ግን ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ቀለበት ያልተነካ መሆኑን ከፊታችሁ ያያል፣ ተጠራጥሮ አንድ ሰውዬ ጣሳ ሲመልስ አይቻለሁ፣ ሰውዬው ተቆጥቶ ሄደ፣ ልጁ አልሮጠበትም።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷ የቶርክ ቁልፉ ናት፣ ሲገዛ እመልሳታለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ድረሱ፣ እሁድ ዝግ ነው። እና ወረቀቷን በጋዜጣ ጠቅልሎ "ለቀጣዩ ጊዜ ማስተያያ" ብሎ ይሰጣችኋል፣ እንዳትጥሏት፣ የኔዎቹ ሁለቱ ፍሪጅ አናት ላይ ናቸው፣ ሚስቴ እስካሁን አላገኘቻቸውም።